ለእኛ የያዘና ለራሱ የያዘ፦ ከጉድጓድ ጥንቸል የሚያስወጡ እንስሳት ምርጫ በአደን ፊቅህ



በፊቅህ ሐለቃችን የአደንን ምዕራፍ ስናነብ ከእንስሳት ሕክምና ክፍል የሚመጡ ወንድሞች አንድ ጥያቄ አነሱ። በአውሮፓ ገጠር ሰዎች ፌረት የሚባል ቀጭን እንስሳ ወይም ትንሽ ውሻ ወደ ጥንቸል ጉድጓድ እየላኩ ጥንቸሏን ያስወጣሉ። ይህ አደን በሸሪዓ እንዴት ይታያል? ከእነዚህ እንስሳትስ የትኛውን መምረጥ ይሻላል? መጀመሪያ ላይ ጥያቄው ያሳቀን ነበር፤ ፌረት በዓይኑ ያየ ሰው ከመካከላችን አልነበረምና። እየገባንበት ስንሄድ ግን ከኪታቡ በቃል የያዝናቸው መስፈርቶች በሙሉ በአንዲት ጉድጓድ አፍ ላይ ተሰብስበው አገኘናቸው። ያነበብነውንና የተነጋገርነውን እነሆ።

በቅድሚያ ስለ ሥጋዋ። በአገራችን ጥንቸል ስትጠራ ብዙዎቻችን ፊታችንን እናጨማድዳለን። አብረናቸው የኖርናቸው ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ስለማይበሏት ልማዱ ወደ እኛም ቤት ገብቷል። ሸሪዓው ግን ግልጽ ነው፤ በአራቱም መዝሀቦች ጥንቸል ሐላል ናት። ማስረጃው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው። ነገሩ የሆነው በመካ አቅራቢያ መር አዝ-ዘህራን በተባለ ስፍራ ነው። ሰሓቦቹ አንዲት ጥንቸል ከተኛችበት አስነሱ፤ ሰዎቹ ሮጠው ሮጠው ደከሙ፤ ወጣቱ አነስ ደርሶ ያዛትና ወደ እናቱ ባል ወደ አቡ ጦልሐ ወሰዳት። አቡ ጦልሐ አረዳት፤ ታፋዎቿንም ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላከ፤ እርሳቸውም ተቀበሉ። በዚህ ሐዲስ ውስጥ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልን፦ ማስበርገግ፣ በሕይወት መያዝ፣ ማረድ። ወደዚህ እንመለሳለን።

እዚህ ላይ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪዎቻችን አንድ ማስተካከያ አድርገውልናል። አማርኛችን ጥንቸል የሚለው ሁለት ዓይነት እንስሳ ነው፤ ዐረብኛውም አርነብ ይላል። በአገራችን ሜዳና ተራራ የምናያት የዱር ጥንቸል ጉድጓድ አትቆፍርም። ሣር ውስጥ ተጋድማ ትውላለች፤ ልጆቿም ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። አነስ የያዟትም ከዚችኛዋ ዓይነት ናት፤ የዐረቢያ የዱር ጥንቸል ጉድጓድ ቆፋሪ አይደለችምና። የአውሮፓዋ ጥንቸል ግን ልጆቿን ዕውርና ራቁታቸውን ስለምትወልድ መሬት ውስጥ መደበቅ አለባት። ብዙ ሆነው በአንድነት ይቆፍራሉ፤ ብዙ አፍና ብዙ መተላለፊያ ያለው የጉድጓድ መንደር ይሠራሉ። ውሻም ሆነ ፌረት የሚላከው ወደዚህ መንደር ነው። በፊቅሁ በኩል ሁለቱ አንድ ሑክም አላቸው።

የዚህች ቆፋሪ ጥንቸል የትውልድ አገር አይቤሪያ ነው፤ የዛሬዎቹ ስፔንና ፖርቱጋል። እስፔን የሚለው ስም ራሱ ከፊንቄያውያን ቋንቋ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም የሽኮኮ አገር ነው የሚል አስተያየት አለ፤ መርከበኞቹ ጥንቸሏን አይተው በአገራቸው ከሚያውቋት ሽኮኮ ጋር አመሳሰሏት ይባላል። ሽኮኮን በየገደሉ ለምናያት ለእኛ ግምቱ እንግዳ አይሆንም። የግሪኩ ጸሐፊ ስትራቦ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ስለ እስፔን ሲጽፍ፣ ሰዎቹ ከሊቢያ የመጡ ፌረት መሰል እንስሳትን አፋቸውን እየሸበቡ ወደ ጉድጓድ እንደሚልኩ ገልጿል። የሮማው ፕሊኒም የባሌአሪክ ደሴቶች ነዋሪዎች ጥንቸል እህላቸውን ስለጨረሰባቸው ከንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ የወታደር እርዳታ እንደጠየቁ ጽፏል። በአንደሉስ ዘመን ደግሞ ሙስሊሞች ይህችን ጥንቸል ቁነልያ ብለው ለይተው ይጠሯት ነበር። አል-መቀሪ ስለ አንደሉስ በጻፈው ታላቅ ኪታብ ሥጋዋ ከተራዋ ጥንቸል እንደሚጣፍጥ፣ ፀጉሯም ለልብስ እንደሚውል ያነሳል፤ ከኢብኑ ሰዒድ ወስዶም በእርሱ ዘመን ወደ ቱኒስ መወሰዷን ይነግረናል። ጉዳዩ ለሙስሊሙ ዓለም ባዕድ አልነበረም ማለት ነው።

ጥንቸሎቹን ማደን ለምን አስፈለገ ለሚል፣ የአውስትራሊያን ታሪክ ማንበብ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1859 በቪክቶሪያ ግዛት አንድ ባለርስት ለአደን ብሎ 24 ጥንቸሎች ለቀቀ፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ዘራቸው የአህጉሩን ሰፊ ክፍል ወርሮ የግጦሽ መሬት አራቆተ። በእንግሊዝም ጭሰኛው በሚያርሰው መሬት ላይ ጥንቸል የመያዝ መብት በሕግ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። የሰብል ጉዳት ስለሆነ እንጂ ጨዋታ አልነበረም። ለሥጋ ወይም ሰብልን ለመጠበቅ ማደን የሚገባ ምክንያት ነው። ሕይወት ያለውን ነገር ዒላማ አድርጎ መጫወትን ግን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 4 የሰለጠኑ አዳኝ እንስሳት ለእኛ ብለው የያዙትን እንድንበላና በእርሱ ላይ የአላህን ስም እንድናወሳ ፈቅዷል። ይህን በዝርዝር ያብራራልን የዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው። ዐዲይ የጦይእ ጎሣ መሪ፣ በቸርነቱ የታወቀው የሓቲም ልጅ፣ ከውሾች ጋር የሚያድን ሰው ነበር፤ ጥያቄዎቹም የባለሙያ ጥያቄዎች ናቸው። ከመልሶቹ የምንረዳው ይህን ነው። የሰለጠነ ውሻህን የአላህን ስም ጠርተህ ከላክኸው፣ የያዘልህን ቢገድለውም ትበላለህ። ከበላለት ግን አትብላ፤ የያዘው ለራሱ ሊሆን ይችላልና። ሌላ ውሻ ከውሻህ ጋር ከተገኘና የትኛው እንደገደለ ካላወቅህ አትብላ፤ የአላህን ስም የጠራኸው በራስህ ውሻ ላይ ብቻ ነውና። በሕይወት ካገኘኸው ደግሞ እረደው።

ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው የሰለጠነ ማለት ምን እንደሆነ ወሰኑ። ሲልኩት የሚሄድ፣ ሲያስቆሙት የሚቆም፣ ይዞም የማይበላ ነው። ሻፊዒዮች ይህ ባሕርይ ልማዱ መሆኑ እስኪታወቅ ደጋግሞ መታየት አለበት ይላሉ፤ ሐነፊዮች በውሻ ላይ ሦስት ጊዜ ሳይበላ መተውን ምልክት አድርገዋል፤ ማሊኪዮች አለመብላትን መስፈርት አላደረጉም። ስሙን መጥራትን በተመለከተም ሻፊዒዮች ሱና ሲሉት ሌሎቹ ግዴታ ያደርጉታል። አደን ለውሻ ብቻ ነው የተፈቀደው ያሉ ጥቂት ቀደምቶች ነበሩ፤ ብዙኃኑ ግን አቦሸማኔም ሆነ ጭልፊት፣ የሰለጠነ ሁሉ በአንቀጹ ይካተታል ብለዋል።

ታዲያ ፌረት ከዚህ ውስጥ ይገባል?

ፌረት ከአገራችን ሙጭልጭላ ጋር በመልክ የሚመሳሰል፣ ረጅምና ቀጭን፣ ሥጋ በል እንስሳ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ከሰው ጋር ኖሯል፤ ለማዳ ነው፤ ልጅ እንኳ ይይዘዋል። ነገር ግን ጉድጓድ ውስጥ ከገባ በኋላ ቢጠሩት አይሰማም፤ ተው ቢሉት አይተውም። ያሳደደው የጥንቸሏ ሽታ እንጂ የባለቤቱ ትእዛዝ አይደለም። ጥንቸሏን መውጫ በሌለው መተላለፊያ ካገኛት ማጅራቷን ነክሶ ይገድላል፤ ከዚያም ይበላና እዚያው ይተኛል። ባለቤቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ይመሻል። ለአዳኞቹ ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነው። እኛም ሐዲሱን ይዘን ስናየው፣ ለራሱ ያዘ ማለት ከዚህ የበለጠ ምን ሊሆን ይችላል አልን። ስለዚህ ፌረት ከመሬት በታች የገደላት ጥንቸል የመላክና የማስቆም መስፈርት ያልተሟላባት ናት፤ ሞታ ተቆፍራ ብትወጣ አትበላም።

ነገር ግን ፌረቱ ሳይገድል ብቻ አስደንግጦ ካስወጣት ጉዳዩ ሌላ ነው። አዳኞቹ በእያንዳንዱ የጉድጓድ አፍ ላይ ትንሽ መረብ ያነጥፋሉ። መረቡ ዙሪያውን ገመድ አለው፤ ገመዱ በችካል ይታሰራል። ጥንቸሏ ስትወረወር መረቡ እንደ ከረጢት አፉን ይዘጋባታል፤ በሕይወት እጅ ትገባለች። ያኔ ፌረቱ ሰልጥኗል አልሰለጠነም የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ሥራው ቁጥቋጦ በዱላ ከሚመታ ሰው ሥራ አይለይም። ሐላል የሚያደርጋት በቢስሚላህ የሚያርዳት እጅ ነው፤ ልክ አቡ ጦልሐ እንዳደረገው። እንግዲህ የምርጫው ሚዛን ይህ ነው፦ ጥንቸሏን በሕይወት ወደ ጉድጓዱ አፍ የሚያደርስልን የትኛው ነው?

በዚህ ሚዛን ስንመዝን የአዳኞቹ የቆየ ልምድ ከኪታቡ ጋር እጅ ለእጅ ሲያያዝ እናያለን። ብዙዎቹ ሴቷን ፌረት ይመርጣሉ። ወንዱ የእርሷን እጥፍ ሊያህል ይችላል፤ ጉልበቱም ጥንቸል ይዞ ለማስቀረት ይበቃዋል። ሴቷ ቀጭን ስለሆነች በጠባቡ መተላለፊያ በቶሎ ታልፋለች፤ በመረቡ ቀዳዳም ሳታዛባው ትሾልካለች፤ ጥንቸሏን ከመያዝ ይልቅ ትገፋታለች። ይህ ሲባል ሴት ሆና ገዳይ የማትሆን የለችም ማለት አይደለም፤ የእያንዳንዷ ጠባይ መታየት አለበት። ሴት የሚያረባ ሰው ሌላም ኃላፊነት አለበት። ሴት ፌረት የመራቢያ ወቅቷ ደርሶ ወንድ ካላገኘች ያው ሁኔታ ለረጅም ጊዜ ስለሚቀጥል የደም ማነስ ይዟት ልትሞት ትችላለች፤ ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ክትትል ያሻታል።

ቀለምም ዋጋ አለው። ነጭ ፌረት ከቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ ስትል ትለያለች፤ ጥቁር ቡናማዋን ውሻ ወይም ተኳሽ ጥንቸል መስላው ሊያጠፋት ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን አመጋገቧ ይወስናል። የተራበ አውሬ የበለጠ ያድናል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ በዚህ ሥራ ግን ስህተት ነው። የተራበችው ፌረት የመጀመሪያዋን ጥንቸል ትገድልና ትበላለች። ከመጠን በላይ የጠገበችውም ገብታ ትተኛለች። ቀለል ያለ ቁርስ የበላች ናት የምትፈለገው። በጥንት ጊዜ አንዳንዶች ይህን ችግር ለመፍታት የፌረቱን አፍ ይሸብቡ ነበር፤ ከዚያም አልፎ ከንፈሩን በክር የሰፉ ነበሩ። የኋለኛው ሐራም መሆኑን ለመናገር ሙፍቲ መጠየቅ አያስፈልግም። ዛሬ በአንገቷ ላይ ምልክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ያስሩላታል። በላይ ያለው ሰው በመቀበያው የት እንዳለችና ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደሆነች ያውቃል። ከአንድ ቦታ ካልተንቀሳቀሰች ይቆፍራል። ብዙ ጊዜ ፌረቷ ጥንቸሏን ጥግ አስይዛ ጀርባዋን ስትቧጭር ያገኟታል፤ ጥንቸሏ ያልሞተች ከሆነ ትታረዳለች፤ ቆስላም ቢሆን የተረጋጋ ሕይወት እያላት ከተደረሰባት መታረዷ ሐላል ያደርጋታል። ይህን መሣሪያ ሳናይ ቴክኖሎጂ ከፊቅህ ምን አለው ያልን ነበርን።

ወደ ውሻ እንምጣ። ስለ ውሻ ስንናገር አንዳንዶቻችን ገና ከመጀመሩ እንሸሻለን፤ ነገር ግን ያለ ምክንያት ውሻ የሚያሳድር ሰው በየቀኑ ምንዳው እንደሚቀነስ የሚናገረው ሐዲስ ራሱ የአደንን፣ የከብትንና የእርሻን ውሻ ነጥሎ አውጥቷል።

ቴሪየር የሚለው የውሻ ዘር ስም መሬት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ መሬት ውስጥ የሚገባ ውሻ ማለት ነው። ታዋቂው ጃክ ራስል ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1795 እስከ 1883 ከኖሩ እንግሊዛዊ ቄስ ነው። ሆኖም እነዚህ ውሾች የተፈጠሩት ለቀበሮ ጉድጓድ ነው። የጥንቸል ጉድጓድ ለአብዛኞቹ ይጠባል፤ ሊገባ የሚታገል ውሻ መተላለፊያውን ያፈርሳል፣ አንዳንዴም ተቀርቅሮ ይቀራል። ጀርመኖች ይህን አይተው ዳክስሁንድ ከሚባለው አጭር እግር ውሻቸው ለጥንቸል ብቻ የሚሆን ትንሽ ዘር አወጡ። የሚለካውም በክብደት ሳይሆን በደረት ዙሪያ ነው፤ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ ጉድጓዱን የሚያልፈው ደረቱ ነውና። እንዲህ ያለው ውሻ ይገባል። ችግሩ መንጋጋው ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ከደረሰባት ይነክሳታል። ውሻ በመሆኑ ግን ከፌረቱ ይልቅ ትእዛዝ ሊማር ይችላል፤ ስለዚህ የስልጠና መስፈርቱን የማሟላት ዕድል አለው።

ለእኛ ሚዛን የሚሻለው ትንሽ ውሻ ጨርሶ የማይገባው ነው። ጉድጓዱ ላይ ቆሞ እያሸተተ ጥንቸል አለ ወይም የለም ብሎ የሚያመለክት ውሻ አለ፤ ጭራውን ያቆማል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ አይጮኽም። እርሱ ካመለከተ በኋላ ፌረቷ ትላካለች። ዝምታው ዋና ነገር ነው። ጥንቸል ከላይ ኮቴና ጩኸት ከሰማች መውጣት ትፈራለች። በኋላ እግሯ መሬቱን ትደልቃለች፣ ወደ ውስጥ ትሸሻለች፣ በመጨረሻም ፌረቷ ጥግ ላይ ትገድላታለች። የሚጮኸው ውሻ ሳይነክሳት በክት አደረጋት ማለት ይቻላል። ጫጫታ የሚያበዛ ባልደረባም እንደዚያው።

ሁለት ሦስት ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው የዐዲይን ሐዲስ ያስታውስ። የራሱ የሰለጠነ ውሻ ከጎረቤቱ ካልሰለጠነ ውሻ ጋር ተጋግዞ ከገደለ ሥጋው አይበላም። ውሻው የነከሰው ቦታስ? በሻፊዒይ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ስለሆነ ትክክለኛው አቋም የተነከሰው ቦታ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር፣ እንዲታጠብ ነው፤ ሥጋውን ቆርጦ መጣል አያስፈልግም። ማሊኪዮች ውሻን ንጹሕ ስለሚሉት ይህን አይጠይቁም። ፌረት ግን በሻፊዒዮችም ዘንድ ንጹሕ እንስሳ ነው፤ ነክሷት በሕይወት የወጣች ጥንቸል በዚህ በኩል ችግር የለባትም።

ጥንቸሏ መረብ ውስጥ ስትገባ ፈጥኖ መድረስ ግዴታችን ነው። ገመዱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ብትሞት ታንቃ የሞተች ትሆናለች፤ እርሷም በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 3 እርም ከተደረጉት ናት። ከአንድ ሰው ቁጥጥር በላይ የሆኑ መረቦች መዘርጋት የማይገባውም ለዚህ ነው። ቢላዋ ቀድሞ መሳል አለበት፤ ስታርዱ እርዳችሁን አሳምሩ፣ ስለታችሁንም ሳሉ የሚል ትርጉም ያለው ትምህርት ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደርሶናል። ወቅቱም መታየት አለበት። የእንግሊዝ አዳኞች በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ብቻ ይሠራሉ፤ በጸደይና በበጋ ጉድጓዱ በጫጩት ጥንቸሎች ይሞላል፣ ፌረቷም እነርሱ ላይ ትቀራለች፣ ቅጠሉም የጉድጓዱን አፎች ይሸፍናል።

በአገራችን ይህን አደን ልሞክር የሚል ካለ፣ ጥንቸላችን ጉድጓድ የላትም ብለናል፤ ደግሞም የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው።

ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸው ለትምህርት ወደ እንግሊዝ የሚሄዱ እህትና ወንድሞቻችን ናቸው። እዚያ የዱር ጥንቸል በሥጋ ቤትና በገጠር ገበያ ይሸጣል፤ የቤት ባለቤቶችም ወጥ ሠርተው ሊጋብዟችሁ ይችላሉ። በመረብ የተያዘችውን ጥንቸል አዳኞቹ የሚገድሏት አንገቷን ወደ ኋላ ስበው አጥንቷን በማላቀቅ ነው፤ አንዳንዱ ማጅራቷን በዱላ ይመታል። በሙያው ዓይን ፈጣን ነው ይላሉ፤ ሆኖም ይህ እርድ አይደለም። ገዳዩ የመጽሐፉ ባለቤት መሆኑም አይለውጠውም፤ በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ የተፈቀደልን ያረዱት ነው። ስለዚህ ሻጩን ወይም ጋባዡን በትሕትና ጠይቁ፦ ጥንቸሏ ተተኮሰች ወይስ በፌረት ወጣች? በፌረት ከወጣች አንገቷ ተሰበረ ወይስ ታረደች? ገበሬውን ካወቃችሁት ደግሞ የተሻለ መንገድ አለ። ፌረቷን ይዞ በሚወጣበት ጠዋት አብራችሁት ሂዱና መረብ የገባችውን በሕይወት እንዲሰጣችሁ ለምኑት፤ ቢላዋችሁን ስላችሁ ያዙ።